አሰብን አውቃታለሁ ያልኩ ሰሞን

ሚስቴን ያገኘኋት በውሸት ነው። ነፋስ ስልክ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ዞር ብላ እንድታየኝ ብዬ "አሰብ ሄጄ ቀይ ባሕርን ገብቼበታለሁ" አልኳት። ምን ላድርግ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከፋይል ሌላ ወሬ የለኝም። እውነትም ዞር አለች። ከዚያ ወዲያ በተገናኘን ቁጥር እጨምርበት ጀመር፤ ማዕበሉን፣ ገደሉን፣ ብርዱን። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቅ ውሃ የደብረ ዘይት ሐይቅ ብቻ ነው። እሱም ማለዳ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሐይቁ እንዲህ ከበረደ ባሕሩማ ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰላሁት።

ተጋባን። ዓመት ሳይሞላን ደግሞ "አሰብ እንሂድ" አለች። ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ የጭነት መኪና ወደዚያ እንደ ልብ ይመላለሳል። አጎቷ በዚሁ መስመር የተሳቢ ሹፌር ናቸው፣ ቤታቸው ሀና ማርያም። ጋቢናቸው ውስጥ አስቀምጠው ሊወስዱን ቃል ገቡ። እሷ ግን ከተማው ውስጥ መቀመጥ አልፈለገችም። ከከተማው ራቅ ብሎ፣ ጥቁር ድንጋይ ገደል ሆኖ ባሕሩ ውስጥ የሚገባበት፣ ቤትም ዛፍም የሌለበት ዳርቻ አለ፤ እዚያ ሁለት ሌሊት እንደር አለች። ከአጎቷ ሰምታ ይሆናል አልኩ።

"አንተ ታውቀዋለህ አይደል?"

"እንዴታ" አልኳት።

መጀመሪያ ፍልሰታ ይፈታ አልኩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከለከለኝ አልኩ፤ ጠይቄም አላውቅ። እሷ አልተቆጣችም። ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ትልና "እስቲ ምን ምን እንያዝ?" ትለኛለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ ሁለቱም እያደር ከበዱ። ሁለት ጋቢ አልኩ። ብርድ ልብስ አልኩ። የሱፍ ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ለጉንፋን ፌጦ። ያልኩትን ሁሉ ቃል ሳትተነፍስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። እውነቱን ለመናገር ባሕሩን አልፈራሁትም። የፈራሁት እዚያ ስንደርስ ጉዴን አይታ፣ "ያገባሁት ማንን ነው?" እንዳትል ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ሰበብ አልቆብኝ ማክሰኞ ልንሄድ ሆነ፤ እሑድ አጎቷ ምሳ መጡ። ሻንጣው ግድግዳው ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

"ማነው የታመመው?" አሉ።

"ኧረ ማንም አልታመመም" አልኩ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ጋቢ ለማን ነው?"

"ለባሕሩ ብርድ ነው ጋሼ።"

ጉርሻ የያዘው እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እሷን። "አንቺስ ዝም ትይዋለሽ? ልጅ ሆነሽ አሰብ ይዤሽ ሄጄ፣ ያ የጋለ ድንጋይ እግርሽን ለብልቦሽ እያለቀስሽ፣ አዝዬሽ አልነበር የተመለስኩት?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ቀና አላለችም። "ይብሉ እንጂ ጋሼ" ብላ ወጥ ጨመረችላቸው።

አጎቷን እስከ አስፋልቱ ሸኝቼ ስመለስ ሳህን ታነሳለች። በሩ ላይ እንደቆምኩ "አሰብ ሄጄ አላውቅም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ብርዱን ያወራህልኝ ቀን ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ? ሻንጣውንስ ለምን ሞላሽው?"

"የትኛው ጋቢ ላይ ስትደርስ ትናገር ይሆን ብዬ ነዋ።" ሳቀች፤ እኔም በእፍረቴ መሃል ሳቅሁ። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ሳህኑን አስቀመጠች። "ያ ገደል ቀልድ አይደለም። እውነቱን ከማይነግረኝ ሰው ጋር አፋፉ ላይ አላድርም ብዬ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ማክሰኞ እንሄዳለን" አለች።