ጅራቱ የዘገየው ዓሣ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ማህሌት መገናኛ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሆና ለመምህሯ ቪዲዮ ስትልክ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ስልኳ ላይ ያለችው ክብ ትዞር ትዞርና ቀጥ አለች።

"በቃ አባባ፣ ሞተ" ብላ ልትዘጋው ስትል፣

"ቆይ እስቲ፣ ባዶ መጣ?" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። አልፈርድባትም። ይህን ነገር የሚያውቁት ድሮ ወሎ ሰፈር፣ ማተሚያ ቤት አብረውኝ የሠሩ ብቻ ናቸው።

ያኔ ጉልበቴ ያልከዳኝ ጎረምሳ ነኝ ባይ ነበርኩ። ሥራዬ ወረቀት ከመኪና ማውረድና ጄኔሬተር መጠበቅ ነው። ወረቀት ስናወርድ ተሰልፈን ከእጅ ወደ እጅ እንቀባበላለን። መኪናው ላይ ያለው ሰው ጭነቱን ሲጨርስ ባዶ እጁን ለቀጣዩ ዘርግቶ "ባዶ" ይላል። ያም ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እየተባለ መጋዘኑ በር ላይ እስከቆምኩት እስከ እኔ ይደርሳል። ባዶ ሳይደርሰኝ በሩን አልዘጋም። ደንቡን ያወጡት ባለቤቱ ጋሼ ተካ ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ወዛደር ነበሩ። አንድ ቀን ሰልፉ ዝም ሲል ያለቀ የመሰለው ሰው በሩን ዘግቶ፣ የቀረውን ወረቀት ዝናብ በልቶት ነው አሉ።

አንድ ክረምት ጋሼ ተካ ሰርቨር የሚሉትን ኮምፒውተር አስገቡ፤ ሂሩት የምትባል ልጅም ቀጠሩለት። ደንበኛችን አዋሳ ሆኖ የልጆች መጽሐፍ ገጾችን በስልክ መስመር ይልካል፣ የእኛ ማሽን ይቀበላል። እኔም ጄኔሬተሩን ሳይ ወደ ሂሩት ክፍል ጎራ እላለሁ። የተጠበሰ በቆሎ ይዤላት ከገባሁ ደግሞ ማስረዳት ትወዳለች።

መጀመሪያ ማሽኑ ትልልቅ ሥዕል ሲመጣ ይታነቅ ነበር። "ሙሉው እስኪደርስ ድረስ ሁሉንም እጁ ላይ ይዞ ይጠብቃል" አለችኝ። "አንተ የመኪናውን ወረቀት በሙሉ ታቅፈህ ብትቆም ማለት ነው።"

"ወገቤ ይቆረጣላ።"

"የሱም ተቆረጠ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ቁራጩ በመጣ ቁጥር እዚያው ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ ሌላውን እንዲቀበል አደረገችው። መታነቁ ቀረ።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መስመሩ ትንሽ ዝም ሲል ማሽኑ ያለቀ መስሎት ይዘጋ ጀመር። አንድ ቀን የታተመው ገጽ ላይ ዓሣው ከወገቡ በታች የለም። ጋሼ ተካ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

"ሂሩት፣ ይሄ ዓሣ ጅራቱን አዋሳ ረስቶ ነው የመጣው?"

"አስተካክለዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ደንበኛው ነገ ካልሆነ ሌላ ቤት እወስዳለሁ ብሏል። እሱ ከሄደ ማሽኑን እሸጠዋለሁ።" ማሽኑ ከተሸጠ እሷም እንደምትሄድ መናገር አላስፈለጋቸውም። አባት የሌላት፣ እናቷን የምታስተዳድር ልጅ ነበረች፤ ቀና ብላም አላየችን።

በማግስቱ ዝናቡ ከረፋድ ጀምሮ ያወርደዋል። የቦሌ መንገድ ዳር ዳሩ ጎርፍ ሆኖ ታክሲዎቹ ውሃ እየረጩ ያልፋሉ። የመጨረሻው ገጽ፣ ያው ዓሣው፣ መምጣት ጀመረ። ጭንቅላቱ ደረሰ፣ ክንፉ ደረሰ፣ ቀጥ አለ። ጠበቅን። ምንም የለም። ማተሚያ ቤቱ ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው፣ ገጹም የሚመጣው በዚያው መስመር ነው፤ ጋሼ ተካ ለደንበኛው ደውለው ይቅርታ ሊጠይቁ እጃቸውን ወደ ስልኩ ሰደዱ።

"አያንሱት ጋሼ፣ ካነሱት ይቆረጣል" አለች ሂሩት።

"አልቆ የለ እንዴ? ዝም ብሏል።"

"አላለቀም። ላኪው ሲጨርስ ምንም የሌለበት ቁራጭ ይልካል፤ ማለቁን የሚነግረኝ እሱ ነው። ትናንት ያስተካከልኩት ይሄንን ነው።"

"ምንም የሌለበትን ነገር ነው ቆሜ የምጠብቀው?" ስልኩን ጨበጡት።

እኔ እንደዚያ ቀን በትልቅ ሰው ነገር ገብቼ አላውቅም። "ጋሼ" አልኩ፣ "ባዶ አልመጣም እኮ ነው የምትልዎት።"

እጃቸው ስልኩ ላይ እንዳለ ቆመ። እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። ቀስ ብለው ለቀቁትና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ታዲያ እንደሱ አትይኝም?" አሏት። ይዤ ከገባሁት በቆሎም ግማሹን ቆርሰው ወሰዱ።

በቆሎው አልቆ ቆሮቆንዳውን ይዘን ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየቀነሰ ሲመጣ፣ ሂሩት "መጣ" አለች፣ በሹክሹክታ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የፈራች ይመስል። ቁራጭ በቁራጭ ሆዱ ወረደ፣ ጅራቱ ወረደ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ አንዲት ዜሮ ብቻ ታየች።

"ባዶ" አሉ ጋሼ ተካ፤ መዳፋቸውንም ዘርግተው አሳዩን።

ማሽኑ አልተሸጠም። ሂሩትም ኋላ ሌሎች ልጆችን እያስተማረች እዚያው ብዙ ዘመን ሠራች።

ይህን ለማህሌት እያወራሁላት ሳለ ክቧ ድንገት መዞር ጀመረች። "አባባ፣ ሄደ!" ብላ ጉንጬን ስማኝ ወደ ቤት ገባች። እኔ ፀሐዩ ላይ ቀረሁ። በዚህ ዕድሜ ሰው ዝም ሲል ያለቀ የሚመስላቸው አይጠፉም፤ ልጆቼም አንዳንዴ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ዝም ብዬ ነው እንጂ፣ ባዶ እጄን ገና አላሳየሁም።