የሳሏትን ነፍስ ይማር

አጎቴ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጠው የሚያቀኑ የባትላሜራ ሠራተኛ ነበሩ። እዚህ ሮማ የድሮ የአሜሪካ መኪና ካዩ ሳይቆሙ አያልፉም ነበር። አንድ ቀን ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ ላይ ከኋላዋ ረጅም ክንፍ ያላት የድሮ የአሜሪካ የሙሽራ መኪና ቆማ አገኘንና ሾፌሩን፣ "መጀመሪያ ወረቀት ላይ ማን ሳላት?" አሉት። የፋብሪካውን ስም ነገራቸው።

"አሎራ፣ ታዲያ ፋብሪካ እጅ አለው እንዴ?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ስሙ የሚነሳው አለቃው ነው፤ እርሳስ ይዘው የደከሙት ግን ሌሎች ናቸው። ሴቶችም አሉባቸው። የሳሏትን ነፍስ ይማር!"

አጎቴ አርፈው በአርባቸው ዕለት ቄሱን፣ "አባ፣ መኪና የሳሉትንም ያስቡልን" አልኳቸው።

"ስማቸው ማን ይባላል?"

"እኔ አላውቅም፤ አጎቴ ግን ሁሌም ያስቧቸው ነበር።"

ቄሱ ፈገግ አሉ። የአጎቴን የክርስትና ስም ከጠሩ በኋላ፣ "ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን አንተ የምታውቃቸውንም አስብ" ብለው ጸለዩ። ሁላችንም አሜን አልን። አጎቴ የሌሉበት አሜን ግን አነሰብኝ።