ከአጣዬ የገዛሁት ጋን

ልጃችን ስትወለድ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የደሴ መንገድ ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። ባለቤቴ እናቷን የቀበረችው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ፣ «ጠላውን ራሴ እጠምቃለሁ፤ እናቴ ብትኖር ይህን ቀን ለሰው እጅ አትተወውም ነበር» አለችኝ። ቤታችን ግን ጋን አልነበረም።

አጣዬ ገበያ ሄጄ ከአንዲት አሮጊት ያገለገለ ጋን ገዛሁ። ሆደ ሰፊ ነው፤ አፉም አልተሸረፈም። በጣቴ ኳ ኳ አደረግሁት፤ ደህናው ጋን ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ ግን አላውቅም። እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁና ወሰድኩት። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንጫነው ሲሉኝ እምቢ ብዬ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ በጉልበቶቼ መሀል ይዤው መጣሁ።

ባለቤቴ አጥባ ውሃ ሞላችበት። ጠዋት ስንነሳ ወለሉ ርሷል። ውሃውን ደፍታ ብታየው፣ ከታች በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው፤ ላዩ በእበት ተለስኗል። አልተቆጣችኝም። ጋኑ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለጋኑ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

በማግስቱ ቁጣዬን ብቻ ይዤ አጣዬ ተመለስኩ። ጠይቄ አሮጊቷን ቤታቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። የምናገረውን መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት፤ እሳቸው ግን ገና ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«አፈሰሰ አይደል?»

«እያወቁ ነው የሸጡልኝ፣ እማማ?»

«እያወቅሁ ነው፣ ልጄ። በየዓመቱ ሰም ይፈልጋል። ዘንድሮ ጉልበቴ ቢከዳኝ ጠላ መጥመቁንም ተውኩ፣ ጋኑንም እንዲያው በእበት ለስኜ ሸጥኩት። ብነግርህ አትገዛኝም ብዬ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል። ገንዘብህን ውሰድ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። የልጄ ክርስትና መድረሱን፣ ሚስቴ እናት እንደሌላት፣ ሌላ ጋን የምፈልግበት ጊዜ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ነጠላቸውን ለብሰው ቋጠሮ ይዘዋል።

«በል እንሂድ» አሉኝ። «መላ አለው።»

ቋጠሮው ውስጥ ሰምና ደቅቆ የተወቀጠ የሸክላ ገል ነበር። ቤታችን እንደደረስን ጋኑን ደጅ አስወጥተው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት፤ በእኛ ቆላ ሸክላው እስኪግል ብዙም አልቆየ። ሰሙን አቀለጡና ከገሉ ጋር ለወሱት።

«የእኔ ክንድ አይደርስም፤ አንቺ ግቢ» አሏት ባለቤቴን።

ጋኑን አጋደምንላት። እስከ ትከሻዋ ገባች። «የቱ ጋ ነው?» ስትል ድምፅዋ እንደ ወንድ ጎርነን ብሎ ወጣ። ራሷ ሰምታው ሳቀች፤ ሳቋም ጎረነነ። አሮጊቷም እየሳቁ ስንጥቁን ከውጭ መታ መታ አድርገው ቦታውን አመለከቷት። እናቷ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ውሃ ሞልተን አሳደርነው። ወለሉ ደርቆ አደረ።

አሮጊቷ ግን አልሄዱም። «ካጠፋሁ አይቀር ልካስ» ብለው ቆዩ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሳጠቡ፣ በወይራ አጠኑት፣ ከሚስቴ ጋር ጠነሰሱ። «በዚህ ሙቀት ጠላ አይታገሥም፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ቶሎ ይሆመጥጣል» እያሉ በየጠዋቱ ከፍተው ያሸታሉ፤ እሷም ከኋላቸው ጎንበስ ብላ ታሸታለች።

የክርስትናው ዋዜማ ባለቤቴ ሕፃኗን አምጥታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠቻት።

«እማማ፣ ክርስትና ያንሡልኝ።»

«እኔ? የተሰነጠቀ ጋን የሸጥኩላችሁ?»

«አዎ፣ አንቱ።»

አሮጊቷ ወልደው አያውቁም ነበር። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከዚያ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ልጃችንን ከካህኑ እጅ ሲቀበሉ ባለቤቴ ከሥር ደገፈችላቸው።

ጠላው ለእንግዳው ሁሉ በቅቶ አለቀ። አሮጊቷን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው፤ «ለፋሲካ እመጣለሁ» አሉ፣ መጡም። እስኪያርፉ ድረስ ልጃችን ክረምቱን የምታሳልፈው አጣዬ፣ እሳቸው ቤት ነበር።