«አጣርቻለሁ» ብዬ ያበላሁት የሩዝ ብስኩት

ይህ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። ወራት አልፈውታል፤ እኔ ግን ማሸጊያው የሚያብረቀርቅ ብስኩት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ማንም ክፉ አላደረገብኝም። ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የማልረሳውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስቶክሆልም የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምኖረው ኩሽና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በምጋራበት የዩኒቨርሲቲ መኖሪያ ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል የሃሩካ ነው፤ ጃፓናዊት ናት። በዚያ ሰሞን ወላጆቿ ሊጠይቋት ሲመጡ አንድ ሻንጣ ሙሉ የአገራቸውን መክሰስ ይዘው መጡ። ሃሩካ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው፤ አረንጓዴ ሻይ ያለበት ቸኮሌት፣ የሽሪምፕ ቺፕስ፣ በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ ኬክ። «ጃፓን የሚመጣ እንግዳ እነዚህን ሳይቀምስ አይመለስም» እያለች ለሁላችንም አደለች።

እኔ ጾም ላይ መሆኔን ስለምታውቅ ለብቻዬ አንድ ከረጢት አወጣችልኝ። ላዩ ላይ ስኳር እንደ በረዶ የፈሰሰበት ስስ ብስኩት ነው። «ይኼ ሩዝ ነው። ግን ቆይ፣ ከጀርባው የተጻፈውን ላንብብልሽ» አለችኝ። ትምህርት ረፍዶባት ጫማዋን እያሰረች ነበር። ላስቸግራት አልፈለግሁም።

«ግድ የለም፣ ሩዝ ከሆነ ይበቃል» አልኳት።

እኔ አልቀመስኩትም። ለእማማ በላይነሽ ልውሰድላቸው ብዬ አስቀመጥኩት።

እማማ በላይነሽ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር ነው። በስደት መጥተው፣ ሆስፒታል በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ ከኮሙን፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ የሚላክላቸውን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። በዚያ ሰሞን እህታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ሁለቱ ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። እሑድ አብረው ሊቆርቡ ተዘጋጅተዋል፤ ማክሰኞ እትዬ ጥሩወርቅ ይመለሳሉ።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ምሳ ከተበላ በኋላ «ከጃፓን የመጣ ነው» ብዬ ብስኩቱን አወጣሁ።

«የጾም ነው?» አሉኝ እማማ በላይነሽ።

«የጾም ነው።»

«ወተት፣ ቅቤ፣ ምናምን የለበትም?»

«አጣርቻለሁ እማማ» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አልዘረጉም። «እኔ የማላውቀውን አልበላም። የፈረንጅ ነገር አይታመንም» አሉ።

«የጃፓን ነው እያለችሽ።»

«ያው ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜ እንደ ሕፃን በብስኩት ትታለያለሽ?»

«ልጄ አጣርታለች» አሉ እማማ በላይነሽ፣ ሁለተኛውን እያነሡ። «እሷ ሳታነብ አትሰጠኝም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሃሩካ ኩሽና ውስጥ አግኝታኝ «ወደዱት?» አለችኝ። ባዶው ከረጢት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ አሳየኋት። ጀርባውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«የወተት ዱቄት አለበት» አለች። ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ላንብብልሽ ብዬሽ ነበር እኮ።»

ቀዩን የባቡር መስመር ይዤ ወደ እማማ በላይነሽ ሄድኩ። መንገድ ላይ፣ ዝም ብል ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ሃሩካ አማርኛ አትችልም፤ ከረጢቱም በእጄ ነው። ሻርሆልመን ስንደርስ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ አልወረድኩም። አልፌ ሃሉንዳ እስከሚባለው ጣቢያ ድረስ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሳያውቁ ከቆረቡ በደሉ የእኔ ብቻ ነው እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ግን «እሷ ሳታነብ አትሰጠኝም» ያሉት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በሚቀጥለው ባቡር ተመለስኩ።

እማማ በላይነሽ ለእሑድ የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ እየተኮሱ ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገርኳቸው።

«አንብበሽው አልነበረም?»

«አላነበብኩም። አላስነበብኩምም።»

«አጣርቻለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

ካውያውን ነቀሉ። እትዬ ጥሩወርቅ እንኳ «አላልኩሽም?» አላሉም።

የንስሐ አባታቸው ጋ ደወሉ። እሳቸውም ሳያውቁ ያደረጉት ስለሆነ ይቁረቡ አሏቸው። የእማማ ልብ ግን እሺ አላለም። እሑድ እትዬ ጥሩወርቅ ብቻቸውን ቆረቡ። እማማ በላይነሽ ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ የእህታቸውን ቦርሳ ይዘው ከኋላ ቆሙ። ማክሰኞ እህታቸው ሄዱ።

እማማን ይቅርታ ስጠይቃቸው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የወተቱን ነገር እግዜር ያውቀዋል። አንቺ ግን ሰው ደስ ይበለው ብለሽ ያላየሽውን አየሁ አትበይ።» ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም።

አሁንም ዓርብ ዓርብ እሄዳለሁ። አብረን ሱቅ ስንገባ ዕቃውን ከመደርደሪያ አንሥተው ይሰጡኛል፤ እኔም እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አነብላቸዋለሁ። ድሮ «ይሆናል እማማ» ካልኳቸው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉት ነበር። አሁን እስክጨርስ በትዕግሥት ይሰሙኛል። ከዚያ ዕቃውን ይቀበሉኝና መነጽራቸውን አውጥተው፣ ደቃቁን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ፣ እሳቸውም አንዴ ያዩታል። እኔ ቅርጫቱን ይዤ እጠብቃለሁ።