አራት ጊዜ የተበረዘው ወተት

«አራት ጊዜ አንድ አንድ ሊትር ስለተቀዳ ወተቱ አልቋል። መልሱ ዜሮ ነው።»

ይህን ዛሬ በልጄ የሒሳብ ፈተና ላይ በቀይ የጻፉት መምህሯ ናቸው። ጥያቄው፦ ከአራት ሊትር ወተት አንድ ሊትር ተቀድቶ በምትኩ ውሃ ይጨመራል፤ ይህ አራት ጊዜ ቢደገም ስንት ሊትር ወተት ይቀራል?

ከሁለተኛው ጀምሮ የሚቀዳው እኮ ድብልቅ ነው! በየዙሩ ካለው ወተት ሦስት አራተኛው ይቀራል። የልጄ መልስ፣ 81/64 ሊትር፣ ትክክል ነው።

የገረመኝ ግን፣ መቶ ጊዜ ቢቀዳስ? አሰላሁት፤ ዜሮ አይመጣም።

እናቴ ሰምታ ሳቀች። «ከነአኩቶ ለአብ ገዳም የመጣውን ጠበል ዓመት ሙሉ ውሃ እየጨመርኩ አጠጣችሁ የለ! አለቀ ብዬ አውቃለሁ?»

ልጄ በዚህች ጥያቄ ለዞን ውድድር ሳትመረጥ ቀርታለች። ትክክል መልሳችሁ የተሰረዘባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

መምህሯ ደግሞ ስሌታቸውን እስከ ዓርብ በጽሑፍ ያሳዩኝ።