ባናውን ስንገልጠው

ልጄ ሰናይት መታመሟን ያወቅነው ጡት ስትተው ነው። ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጅ፣ እናቷ ጉያ ገብታ አንዴ ሳብ ታደርግና ትተወዋለች፤ አልቅሳ እንደገና ትሞክራለች። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ ሳሉ ተከተለ። እኛ ቤት ግን የደነገጠ ሰው አልነበረም። የሳንባ ምች መከላከያውን ሦስቱንም ተወግታለች። «የተከተበ ልጅ ከብርድ ሌላ ምን ይነካዋል» ያልኩት ራሴ ነኝ።

መንዝ ውስጥ የብርድ መድኃኒቱ ሙቀት ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬ ባና መሸመን ነው፤ የበግ ጠጉር ከተገኘ ተራራውንም ከማልበስ አልመለስም። ቤት ካሉት ባናዎች ወፍራሙን መርጬ ጠቀለልኳት። አማቴ እማማ ጥሩነሽ ሌላ ደረቡባት። ፊቷ ብቻ ቀረ። የታመመ ልጅ ገላ መግለጥ እኛ ዘንድ ለብርድ አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

በማግስቱ ማልቀስ አቆመች። አማቴ «ተመስገን፣ ተሻላት» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። አልተሻላትም። የምታለቅስበት ትንፋሽ አጥታ ነው።

ባለቤቴ በላይነሽ ግን አላመነችም። ጤና ኬላ ሄዳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስቴርን ይዛ መጣች። አስቴር ልጅቷን እንዳየች «ደረቷን ግለጡልኝ» አለች።

«ተይ ልጄ፣ በዚህ ውርጭ እንዴት ተብሎ» አሉ አማቴ።

«ለአፍታ ነው እማማ። እርስዎ በሩን ይዝጉልኝ።»

ባናው ተገለጠ። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ባናው ይህን ሁሉ ሸፍኖብን ኖሯል። አስቴር አምቡላንስ ጠራች። መንገዱን አላስታውሰውም።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ ከጀርባዋ በመርፌ ፈሳሽ መውሰድ እንዳለበት ነገረን። «የሳንባ ምች ነው፤ ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ማጅራት ገትር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ።» ያ መርፌ ልጅ ሽባ ያደርጋል ሲባል እሰማ ነበር። ጠየቅኩት፤ መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች መሆኑን በገዛ ጀርባው እያመለከተ አስረዳኝ። ፈቀድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ትሞታለች ብዬ አሰብኩ። ጸሎቱ ሁሉ ጠፋኝ፤ «እግዚኦ» ብቻ አልኩ።

ማጅራት ገትር አልነበረም። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጧት ጀመር፤ ትኩሳቱም ቀስ እያለ ወረደ፣ ከንፈሯም መልኩ ተመለሰ። አንድ ጠዋት የኦክስጅኑን ቱቦ ይዛ ስትጎትት ጸጉራቸው የሸበተው ነርስ ተቆጧት፤ እሷም ባልተፈታ አፏ መልሳ ስትቆጣቸው ሰማሁና ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ሐኪሙን «ተከትባ የለም ወይ?» አልኩት። «ክትባቱ ለብዙዎቹ የባክቴሪያ ዓይነቶች በር ይዘጋል፤ ለሁሉም ግን አይዘጋም። የተከተበ ልጅም ሲያተኩሰው አምጡት» አለኝ።

ብልህ ከሰው ስህተት፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል፤ እናንተ ብልሆቹን ሁኑ። ጡት የተወ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ልጅ ካላችሁ ገልጣችሁ ደረቱን እዩ፤ ከተሰረጎደ አትዘግዩ። ክትባቱን አስጨርሱ፤ ተከትቧል ብላችሁ ግን አትዘናጉ። አስቴርንና ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላምን ያለችውን በላይነሽንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት ለመናገር አፍሬ እዚህ ጻፍኩት።

አንዳንድ ጎረቤት «ተከትባም ታመመች፤ ታዲያ ምን ጠቀመ?» ይለኛል። ጸጉራቸው የሸበተው ነርስ የነገሩኝን እነግረዋለሁ። ክትባቱ ሳይመጣ በፊት በዚያ ክፍል ባንድ አልጋ ሁለት ልጅ ይተኛ ነበር። እኛ ስንገባ ከሰናይት ጎን ያሉት አልጋዎች ተነጥፈው ባዶ ነበሩ። እዚያ ሊተኙ የነበሩት ልጆች ዛሬ ደጅ ላይ አፈር እየፈጩ ይጫወታሉ፤ አባቶቻቸውም ምን እንደቀረላቸው ሳያውቁ «አርፋችሁ ተቀመጡ» እያሉ ይቆጧቸዋል።