የሚያንኳኳ ሁሉ የሚገድልበት ጌም

ያ ጌም ለእኔ በነፃ ነው የመጣው። ያስከፈለኝ ግን ሦስት ቋሚ ደንበኞች፣ የቀን እንቅልፌንና አንዲት ጎረቤቴ ስለ እኔ የነበራትን ጥሩ አስተያየት ነው። በነፃ የሚመጣ ዕቃ ድሮም እፈራለሁ። ድንበሩ ቶጎጫሌ ላይ በነፃ የሰጡኝን ቴሌቪዥን ለማስጠገን ያወጣሁት አዲስ ይገዛ ነበር።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያልሸጥኩት ነገር የለም። በመጨረሻ የያዝኩት ጌም ቤት ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ ከድንበር የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ከመንገዱ የሚለየን አንድ የላሜራ በር። የሶማሌ ልጆቹ "አዴር" ይሉኛል፣ የመሃል አገሮቹ "ጋሼ"። ሁለቱም አክብሮት ነው፤ ሁለቱም የሚበረታው ዱቤ ሲፈለግ ነው።

ጌሙን የሠራው አንድ ሰው ብቻውን ነው። ከመሃል አገር ተመድቦ መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር የሚጠግን ቀጭን ልጅ፣ ከሥራ ሲወጣ ቤቱን ዘግቶ ዓመታት የፈጀበት። ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ ጥይቱም የእሱ ነው። ደንበኞቼ "ኢንጂነር" አሉት፤ እሱም አልተቃወመም።

"ጋሼ፣ ያጫውቱልኝ። እኔ የምፈልገው አስተያየታቸውን ብቻ ነው" አለኝ። አንዱ ሲነሳ ስልኬን አፉ ላይ ደቅኜ የሚለውን መቅዳት የእኔ ሥራ ሆነ።

ከተማውን የምታየው ከላይ ነው፣ ጣራው እንደተነሳ ቤት። አንተ አናትና ትከሻ ብቻ ነህ። ባትሪ አለህ፣ ሽጉጥና ጥቂት ጥይት አለህ። ሲመሽ ፊት የሌላቸው ነገሮች ከጨለማው ይወጣሉ፤ አንድ ሱቅ ገብተህ፣ በር ዘግተህ፣ እስኪነጋ መትረፍ ነው። እኔ ቤት ደግሞ ድሮም ሕግ አለ፤ የሞተ ከወንበሩ ይነሳል። ስለዚህ ሮጠው እንዲተኩሱ የታሰቡት ልጆች ጥግ ተወሽቀው፣ ባትሪ አጥፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጡ ጀመር። የተኩስ ጌም ገብቶ ቤቴ እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ አለ።

"ውሃ የለም፣ ጥይት ያንሳል፣ መብራት ይጠፋል" አለ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ባጃጅ ነጂ። "ወላሂ ይሄ ጌም አይደለም፣ ሰፈሬ ነው።"

"ከላይ ሆኜ ራሴን ማየቱ ያስጠላኛል" አለ ተመድቦ የመጣ አንድ አስተማሪ። "ከኋላው የሚመጣውን እኔ አየዋለሁ፣ እሱ አያየውም። ልጮህለት ነው የሚያምረኝ።"

ሁሉንም ያንቀጠቀጠው ግን የበሩ ድምፅ ነው። ሱቅ ውስጥ ዘግተህ ስትቀመጥ በሩ ይደበደባል፤ ሁለቴ ቶሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ከባድ። ከከፈትክ ሞትክ። ኢንጂነሩ ያንን ድምፅ የቀዳው በገዛ ጡጫው የእኔን ላሜራ ደብድቦ ነው፤ እኔም ቆሜ እያየሁ ስቄያለሁ። ከዚያ በኋላ አንዱ ኮምፒውተር ላይ በሩ በተመታ ቁጥር ቤቱ በሙሉ ወደ እውነተኛው በር ይዞራል። እኔም እዞራለሁ።

ባጃጅ ነጂው ሁልጊዜ ይከፍታል፤ ሁልጊዜም ይሞታል። አንድ ቀን ኢንጂነሩን አገኘውና ያዘው።

"ዋርያ ኢንጂነር፣ የሚያንኳኳ ሁሉ ለምንድነው የሚገድለን?"

"ሰርቫይቫል ነዋ። ማንንም ካመንክ አለቀልህ።"

"የየት አገር ሕግ ነው? እዚህ ከተማ የተረፈ ሁሉ የተረፈው በሩ ተንኳኩቶለት ነው። አዴርን ጠይቀው!"

መጠየቁን አልፈለግሁም ነበር። የከተማው ሰው ዓመቱን ሳይጠራ የሚያውቀው አንድ ክረምት አለ። ያኔ ዘሩ ከመሃል አገር የሆነ ሰው ሲታደን፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ከከረጢቶች ኋላ ተደብቄ ነበር። የጓሮው በር ሲንኳኳ አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ ድሪያ የሚባለውን የሴት ቀሚስ የምትሸጠው ጎረቤቴ፣ እኔ እንደ አክስት ኤዶ የምላት የሶማሌ እናት ሆና ተገኘች። ቤቷ አስገብታ ከሴት ልጆቿ መኝታ ክፍል ደበቀችኝ፤ ከበሩ ፊትም ራሷ ተቀመጠች። ይህንን በአጭሩ ነገርኩት።

"እሱ ዕድል ነው፣ ጋሼ" አለ ኢንጂነሩ። "ጌም በዕድል አይሠራም።"

የቀዳው የበር ድምፅ ግን ውስጤ ገብቶ ነበር። በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ጋደም እንዳልኩ በሩ ሲመታ የብረት ዘንግ ይዤ ነው የተነሳሁት።

"ማን ነው?"

"ማን ነው? ደግሞ ማን ልሆን ነው!" ኤዶ ነበረች፤ ዝርዝር ብር ፈልጋ። ከፈትኩ። ዘንጉን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን። "ለእኔ ነው?" አለች። ዝርዝሩን ሳትወስድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ከመንገዱ ማዶ ሆነ።

ጥቂት ቆይቶ በአንድ ከሰዓት፣ ጫት በሚቃምበት በበርጫ ሰዓት፣ ከገበያው በኩል ጩኸት መጣ። ባጃጆች ቁልቁል ይበራሉ፤ ሱቆች ተራ በተራ ይዘጋሉ። ምክንያቱን እስከዛሬ በትክክል አላወቅሁም፤ የሰማሁት ሁሉ ይለያያል። ዘጋሁ። ወዲያው መብራት ሄደ። የሶማሌም የመሃል አገርም ልጆች ጨለማው ውስጥ ተደርድረው እኔን ያያሉ።

በሩ ተመታ። ሁላችንም ወደ ኮምፒውተሮቹ ዞርን። ጠፍተዋል፤ ከጌሙ ነው ማለት አልተቻለም።

"አትክፈት አዴር!" ክንዴን የጨበጠው ያው ሁልጊዜ የሚከፍተው ባጃጅ ነጂ ነው።

"ሰው ቢሆንስ?" አለ አስተማሪው፤ እሱም ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

የሚያዋጣው ሶማልኛ ነው ብዬ "ዋ ኩማ?" አልኩ፤ ማን ነህ ማለቴ ነው። ድምፅ የለም። ደግሜ ጠየቅሁ። ከላሜራው ማዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ስሙን የማይናገር ሰው ምን ፈልጎ ነው?

እንደገና ተመታ፤ ሁለቴ ቶሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ከባድ።

ባጃጅ ነጂው ክንዴን ለቀቀ። "ይሄ ስንት ጊዜ የገደለኝ እጅ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ኢንጂነሩ ነው! ክፈት!"

ቢሳሳትስ? በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል በዚያ ክረምትም አልፈራሁም፤ ያኔ የምጠፋው ብቻዬን ነበር። ከፈትኩ።

ኢንጂነሩ ቦርሳውን ታቅፎ ወደ ውስጥ ወደቀ። መልሰን ዘጋን። ከጀሪካን ውሃ ቀዳሁለት፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ።

"ለምን አትናገርም፣ አንተ ሰው?" አልኩት።

"በሶማልኛ ሲጠይቁኝ ፈራኋ፣ ጋሼ። እርስዎ መሆንዎን በምን ልወቅ? መንገዱ ላይ አማርኛ ልናገር?"

"ሕግህ ግን ጥሩ ነበር" አለው ባጃጅ ነጂው። "ብናከብርልህ ውጭ ነበርክ።"

"ተወው፣ አቦ!" አለ አንዱ ከጥግ። የሳቀ የለም። ጩኸቱ በርዶ መንገዱ በሰው እስኪሞላ ድረስ እዚያው ቁጭ አልን።

ኢንጂነሩ ጌሙን ለወጠው። አሁን ከሚያንኳኩት አንዳንዱ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ በጓሮ ያሻግርሃል፣ የቀረው ይገድልሃል፤ ሳትከፍት አታውቅም። ልጆቹ የጠየቁት ይህንን ነበር። አንድ ሳምንት አልቆዩበትም። ሦስቱ መንገድ ተሻግረው ኳስ ወደሚያጫውተው ቤት ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ።

የመጨረሻው አስተያየት የባጃጅ ነጂው ነው፤ ስልኬ ላይ አለ። "በፊት እንደሚገድለኝ እያወቅሁ እከፍት ነበር። አሁን አላውቅም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አጥፋልኝ አዴር፣ ኳስ ክፈትልኝ።"

አጠፋሁት። ኢንጂነሩ አልተቀየመም፤ በሥራው ላይ ነው፣ ጌሙንም ይሠራል።

ያን የጩኸት ቀን በሩ ሲዘጋ ውስጥ ዘጠኝ ነበርን። ሲከፈት አሥር ሆነን ወጣን።